መኪና የማይገባበት የግራቭል (የጠጠርና የአፈር) መንገድ፣ ሜዲትራኒያን ኮረብታዎች ላይ የት ይሻላል?

ፔዳል_ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ግራቭል የምትነዱ ሰዎች እስቲ አማክሩኝ። እኔና ባለቤቴ ኤፕሪል ላይ የአንድ ሳምንት እረፍት አለን፣ ሁለታችንም ግራቭል ሳይክል አለን፣ የምንፈልገው ፀሐይ ያለበት፣ ኮረብታ ያለበት፣ ወይራና ወይን የሚታይበት አገር ሄደን ፒስታ ፒስታውን መንዳት ነው። ስፔን ወይ ጣሊያን ብለን ነው የጀመርነው ግን ሜዲትራኒያን አካባቢ እስከሆነ ድረስ ሌላም አገር ቢሆን ግድ የለንም።

ዋናው ጉዳይ መኪና ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የጭነት መኪና ባለቤቴን ክንዱን ታክኮት ነው ያለፈው፣ ተመስገን አልወደቀም፣ ግን ከዛ ወዲህ አስፋልት ላይ ከኋላው የሞተር ድምፅ ሲሰማ ትከሻው ይገተራል፣ መሪውን ጨምድዶ ይይዛል፣ መንዳቱ ጭንቀት ሆኖበታል። እኔ ደሞ ሳይክል እንዲያቆም አልፈልግም፣ አብረን የምንወደው ነገር ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ መኪና ሳያልፈን ዘና ብለን የምንነዳበት ቦታ ካለ ንገሩኝ።

በቀን 50፣ 60 ኪሎ ችግር የለብንም፣ ዳገትም እንችላለን ግን ወርዶ ሳይክል መግፋት አንፈልግም። የጣሊያኗን ቶስካና ነጭ የጠጠር መንገዶች ፎቶ አይቼ ልቤ እዛው ቀርቷል፣ ፎቶው ላይ አንድም መኪና የለም፣ እውነት እንደዛ ነው? ሌላው የጎማችን ስፋት 38 ሚሊ ነው፣ ይበቃል ወይስ እንቀይር? አንድ ከተማ ተቀምጦ በየቀኑ መውጣት ይሻላል ወይስ ሻንጣ አስሮ ከቦታ ቦታ መሄድ? በቅድሚያ አመሰግናለሁ።


ኮረኮንች፦

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ፣ ባለቤትሽንም እንኳን አተረፈው። እኔ የምኖረው ስፔን፣ ካታሎኒያ ውስጥ ጂሮና አካባቢ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሰው "መኪና የለበትም" ሲል ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚያወራው። አንዱ መኪና እንዳይገባበት የተከለከለ መንገድ ነው። ሌላው መኪና መግባት ይችላል ግን ማን ይገባል ተብሎ ጭር ያለ መንገድ ነው። ጤነኛ ልብ ላለው ሰው ሁለቱም ያው ናቸው፣ ባለቤትሽ ላለበት ሁኔታ ግን ሰማይና ምድር ናቸው፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ላይ በቀን አንዴ እንኳን ፒካፕ ቢመጣ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ኋላ ኋላውን እያዳመጠ ነው የሚውለው። ስለዚህ ጉዞውን በመጀመሪያው ዓይነት ጀምሩ፣ ሰውነቱ ሲፈታታ ሁለተኛውን ትጨምራላችሁ።

የመጀመሪያው ዓይነት ስፔን ውስጥ ሞልቷል። የተዘጉ የባቡር መስመሮች ሃዲዳቸው ተነስቶ ለእግረኛና ለሳይክል የተስተካከሉ ናቸው፣ ቪያስ ቬርዴስ ይሏቸዋል፣ ፕሮግራሙ በ1993 ነው የተጀመረው አሁን አገሪቱ ውስጥ ከ3 ሺህ ኪሎሜትር በላይ ደርሷል። ለኮረብታ አገር እነዚህን የሚያህል የለም፣ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል መሐንዲሶቹ ኮረብታውን በዋሻ በስተው ገደሉን በድልድይ አሻግረው ነው የሰሩት፣ ስለዚህ ተራራ መሃል እየሄድሽ ዳገቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 ፐርሰንት አይበልጥም። መንገዱ ከተራ አስፋልት ጋር የሚገናኘው ማቋረጫ ላይ ብቻ ነው፣ እዛ ጋ መከላከያ አጥርና የቁም ምልክት አለ፣ ቅድሚያው የመኪናው ስለሆነ ቆሞ አይቶ መሻገር ነው። አንዳንድ ቦታ ደሞ እርሻው መንገዱ ዳር የሆነ ገበሬ በትራክተር ወይ በመኪና ትንሽ ርቀት እንዲያልፍ ይፈቀድለታል፣ ይሄን ቀድሞ ማወቁ ለባለቤትሽ ጥሩ ነው፣ ሲያይ እንዳይደነግጥ። የሚያልፉትም ቀስ ብለው ነው፣ ብዙዎቹ ሰላምታ ሰጥተው ነው የሚያልፉት።

የኛው መስመር ካሪሌት ይባላል፣ ከኦሎት እስከ ጂሮና 55 ኪሎ አካባቢ፣ ከጂሮና እስከ ባህሩ ሳንት ፌሊዩ ዴ ጊሾልስ ድረስ ደሞ ሌላ 39 ኪሎ። የድሮው ባቡር ትንሽዬ ነበር፣ የሃዲዱ ስፋት 75 ሳንቲሜትር ብቻ፣ 1969 ላይ ነው የቆመው። ኦሎት የእሳተ ገሞራ አገር ናት፣ ዙሪያዋን ወደ 40 የሚጠጉ የተኙ እሳተ ገሞራዎች አሉ፣ ከተማዋ ከ400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት ጂሮና ደሞ 70 ሜትር አካባቢ፣ ስለዚህ ከኦሎት ከተነሳችሁ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትወጡና ከዛ በኋላ ያለው በሙሉ ቀስ ያለ ቁልቁለት ነው። ሜዳውን፣ የወንዙን ዳር፣ የድሮ ጣቢያዎቹን እያያችሁ ትወርዳላችሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ከፈለጋችሁ ሌስ ጋቫሬስ አለላችሁ፣ በጂሮናና በባህሩ መካከል ያሉ ዝቅ ዝቅ ያሉ ኮረብታዎች ናቸው፣ ከፍ ያለው ጫፍ 550 ሜትር አይሞላም፣ ውስጡ ግን የደን ፒስታ እንደ ልብ ነው። ዛፉ የቡሽ ዛፍ ነው፣ ያ የወይን ጠርሙስ የሚደፈንበት ቡሽ ከዚህ ዛፍ ልጣጭ ነው የሚሰራው። የተላጠ ዛፍ ስታዪ ግንዱ ከታች ደም የመሰለ ቀይ ቡናማ ነው ከላይ ግራጫና ሸካራ፣ ልጣጩ እስኪመለስ ከ10 ዓመት በላይ ይጠበቃል። አፈሩ ሳውሎ የሚባል የፈራረሰ ግራናይት ነው፣ ወርቃማ መልክ ያለው ሸካራ አሸዋ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃውን ወዲያው ስለሚያሳልፍ ጭቃ አይሆንም፣ ለዚህ ነው ክረምት በጋ የሚነዳው። ሲደርቅ ግን ጠጠሩ እንደ ሽምብራ ከጎማ ስር ይንከባለላል፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ ኩርባ ውስጥ። ፍሬን ከኩርባው በፊት ያዙ፣ ኩርባው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የፊት ፍሬን አትንኩ፣ ሰውነታችሁን ሳትገትሩ ሳይክሉን ልቀቁት ራሱ መንገዱን ይዞ ይሄዳል።

ስለ ጎማው፣ ለካሪሌት 38 ከበቂ በላይ ነው። ለጋቫሬስ 40 እና ከዛ በላይ ቢሆን ደስ ይለኛል ግን 38ም አይከለክልም፣ ንፋሱን ትንሽ ቀነስ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ መውረድ ነው።


ወይራ_ስር፦

ከኮረኮንች ጋር በብዙው እስማማለሁ፣ ግን ለናንተ ለሁለታችሁ እኔ የደቡብ ስፔኗን አንዳሉሲያን ነው የምመርጠው። ጂሮና አካባቢ በጣም ያምራል፣ ነገር ግን አገሩ በሙሉ ሳይክል ነጂ ነው፣ የዓለም ፕሮፌሽናሎች ግማሹ እዛ ነው የሚኖረው፣ ኤፕሪል መጨረሻና ሜይ መጀመሪያ ላይ ደሞ ትራካ የሚባለው ትልቁ የግራቭል ውድድር ስላለ ማደሪያ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ፀጥታ ፈላጊ ሰው ደቡብ ይውረድ።

ቪያ ቬርዴ ዴል አሴይቴ፣ የዘይቱ መስመር፣ ከኻኤን ተነስቶ ኮርዶባ ክፍለ ሀገር ውስጥ ፑዌንቴ ኼኒል ድረስ 128 ኪሎሜትር። ድሮ ባቡሩ የወይራ ዘይት ነበር የሚጭነው። የኻኤን ክፍለ ሀገር ብቻውን ከ60 ሚሊዮን በላይ የወይራ ዛፍ አለው፣ ቁጥሩን ስትሰሚው ምንም ላይመስልሽ ይችላል፣ እዛ መሃል ስትነጂ ግን ከኮረብታ ኮረብታ በመስመር የተተከለ ወይራ ነው አድማሱ ድረስ፣ ሌላ ነገር የለም። በመሃል በመሃል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሰሩ የብረት ድልድዮች አሉ፣ ከ10 በላይ ናቸው፣ ሸለቆውን ከላይ ሆነሽ ነው የምታቋርጪው፣ ወለላቸው ጣውላ የሆኑት ላይ ጎማው ሲያልፍ ድድድድ እያለ ይጮኻል። ከፍታ የሚፈራ ሰው ካለ ለመሃሉ ይጠጋ እንጂ አጥሩ አስተማማኝ ነው።

በሦስት ቀን ከፍላችሁ ንዱት፣ በሁለት ቀን የሚጨርሱት አሉ ግን ምን አስቸኮላችሁ። እኔን ብትጠይቂኝ ሱዌሮስ ላይ እደሩ። ነጭ በነጭ የሆነች ትንሽ መንደር ናት፣ ገደል ስር ተለጥፋ፣ ቤተመንግሥቷ አለቱ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ከመስመሩ ወደ መንደሩ ለመውጣት አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት አለ፣ በጉዞው ውስጥ እግር የሚያቃጥለው እሱ ብቻ ነው። ከዛ ዶኛ ሜንሲያ፣ ካብራ፣ ሉሴና እያላችሁ ትወርዳላችሁ። ኻኤን ከፑዌንቴ ኼኒል ከፍ ያለች ስለሆነች ከኻኤን መነሳት ነው የሚሻለው።

መንገዱ የተጠቀጠቀ ጠጠር ነው፣ ከተማ አጠገብ አስፋልት የሆነ ቦታም አለው፣ ለ38 ጎማ የተሰራ ነው ማለት ይቻላል። የምጠነቀቀው ነገር እሾህ ነው፣ እርሻው ዳር የሚበቅለው አረም ዘሩ ባለ እሾህ ነው፣ ጎማ ውስጥ ይቀራል። ጎማችሁ ቱብለስ (ያለ ካላማዳሪያ የሚሰራ) ካልሆነ ቢያንስ ሁለት ሁለት ካላማዳሪያ ያዙ፣ እሾህ ስትነቅዪ ደሞ ጣትሽን ጎማው ውስጠኛው ላይ ዙሪያውን አስኪጂው፣ አንዱን ነቅለሽ ሁለተኛው ተሰክቶ ይቀራልና አዲሱንም ካላማዳሪያ ይበሳዋል።

ውሃ ላይ ደሞ አትቀልዱ። ኤፕሪል ላይ ሙቀቱ ደስ የሚል ነው ግን ጥላ የለም፣ ወይራ ዛፍ መንገድ ላይ ጥላ አይጥልም። የድሮ ጣቢያዎቹ አንዳንዶቹ ምግብ ቤት ሆነዋል፣ ግን ሰኞና ማክሰኞ ዝግ የሚሆኑ አሉ፣ ከመንደር ስትወጡ ሁሉንም ጠርሙስ ሞልታችሁ ውጡ። ጁላይና ኦገስት እዚህ መስመር ላይ ለመንዳት የሚያስብ ሰው ካለ ይሄን አንብቦ ይተወው፣ 40 ዲግሪ ያልፋል።

ጊዜ ከተረፋችሁ ሁለተኛዋን አትለፏት፣ ቪያ ቬርዴ ዴ ላ ሲዬራ፣ ከኦልቬራ እስከ ፑዌርቶ ሴራኖ 36 ኪሎ። የሚገርመው እዚህ መስመር ላይ ባቡር አልሄደም፣ 1920ዎቹ ውስጥ ግንባታው ተጀመረ፣ ዋሻው ተበሳ ድልድዩ ቆመ፣ ከዛ ገንዘቡም ጊዜውም አልፈቀደ፣ ሃዲድ ሳይነጠፍ ቀረ። እነዛ ሁሉ ሰራተኞች በዶማና በድንጋይ የደከሙበት 30 ዋሻ ዛሬ ለሳይክል ነጂ ሆነ። ረጅሙ ዋሻ ወደ አንድ ኪሎሜትር ይጠጋል፣ መብራት አለ ቢባልም የራሳችሁን የፊት መብራት ይዛችሁ ግቡ፣ ከፀሐይ ወደ ጨለማ ስትገቡ ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ሰከንድ ምንም አይታይም፣ መነፅር ማውለቅ አትርሱ። ሳፍራማጎን የሚባለው አለት ጋ ስትደርሱ ቁሙ፣ ጥንብ አንሳ አሞራዎች በብዛት ጎጆ ሰርተው የሚፈለፍሉበት ቦታ ነው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው አናታችሁ ላይ ሲዞሩ ታያላችሁ።


ሲዬና_አቧራ፦

ማንም ስለ ቶስካና ስላልመለሰልሽ እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ይሄ ጥያቄ በጣም ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው ፎቶውን አይቶ ሄዶ ያዝናል።

እህት፣ ነጩ መንገድ የመኪና መንገድ ነው። አስፋልት ያልለበሰ የወረዳ መንገድ በይው፣ ገበሬው፣ የወይን ጠጅ ቤቱ ሰራተኛ፣ መኪና የተከራየ ቱሪስት ሁሉ ይነዳበታል። ብዙ አይደሉም፣ በስራ ቀን ጠዋት ብዙ ርቀት ማንም ሳያልፍሽ ልትሄጂ ትችያለሽ፣ ግን ሲመጣ በአቧራ ነው የሚመጣው፣ መንገዱም ጠባብ ነው። ሌሮይካ የሚባለው የድሮ ሳይክሎች ጉዞ ከ1997 ጀምሮ ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ ላይ ይደረጋል፣ መስመሩ 209 ኪሎ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ምልክት ተተክሎለት ማንም እንዲነዳው ተትቷል፣ እጅግ ያምራል፣ ግን አስፋልትም አለው መኪናም አለው። ዳገቱ ደሞ አይጣል ነው፣ የባቡር መስመር ስላልሆነ በቀጥታ ወደ ላይ በቀጥታ ወደ ታች ነው፣ 10 ፐርሰንት የሚያልፍ ብዙ ቦታ ታገኛላችሁ። ከሲየና በስተደቡብ ያለው አፈር ሸክላ ነው፣ ከዝናብ በኋላ ጎማው ላይ ተለጥፎ ፍሬኑንም ማርሹንም ይሞላዋል፣ ወርዶ መግፋት አንፈልግም ስላልሽ ነው ይሄን የምነግርሽ።

ግን ቶስካናን ተይው ማለቴ አይደለም። ሴንቲየሮ ዴላ ቦኒፊካ የሚባል አለ፣ ከአሬትሶ እስከ ኪዩሲ 62 ኪሎ፣ ረግረጉን ለማድረቅ የተቆፈረውን ትልቁን ቦይ ተከትሎ የሚሄድ የጠጠር መንገድ ነው። መንገዱ ራሱ ሜዳ ነው፣ ኮረብታዎቹ ግን ግራና ቀኝ አጅበውሽ ነው የሚሄዱት፣ በአንድ በኩል ኮርቶና በሌላው በኩል ሞንቴፑልቻኖ። ሁለቱም ጫፍ ላይ የባቡር ጣቢያ አለ። ለባለቤትሽ ልብ ማሳረፊያ ይሄን የመሰለ የለም፣ እኔ ብሆን እዚህ ሁለት ቀን አስነድቼው ድምፁ ከጆሮው ሲጠፋ ነው ነጩን መንገድ የማሳየው፣ እሱም ከፈለገ፣ በስራ ቀን፣ በጠዋት።

ኡምብሪያ ውስጥ ደሞ ከስፖሌቶ ወደ ኖርቻ ይሄድ የነበረው የተራራ ባቡር መስመር አለ፣ 51 ኪሎ ነበር፣ ከ1926 እስከ 1968 ሰርቷል። ተጠማዞ ተጠማዞ ራሱን እያቋረጠ ነው ተራራውን የሚወጣው፣ ዋሻዎቹ በውስጣቸው ቀዝቃዛና ጨለማ ናቸው፣ አንዱ ወደ ሁለት ኪሎ ስለሚጠጋ ጥሩ መብራትና ጃኬት ግዴታ ነው። በ2016 የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢው ተጎድቶ ስለነበር የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ ሳታረጋግጡ እንዳትሄዱ።


ግሮዥኛን_ላይ፦

ሁሉም ስፔን ስፔን ሲል የአድሪያቲክ ባህር ልሳነ ምድሯን ኢስትሪያን ረሳችኋት። ፓሬንዛና ይባላል፣ ከጣሊያኗ ትሪየስቴ አጠገብ ተነስቶ ስሎቬኒያን አቋርጦ ክሮኤሺያ ውስጥ ፖሬች የሚጨርስ የድሮ ባቡር መስመር፣ 123 ኪሎ፣ ባቡሩ ከ1902 እስከ 1935 ነው የሰራው። ሦስት አገር በአንድ መስመር። የጣሊያንና የስሎቬኒያው ክፍል አብዛኛው አስፋልት የለበሰ የሳይክል መንገድ ነው፣ የክሮኤሺያው ክፍል ነው ጠጠሩ፣ እሱም ነው ልብ የሚነካው። ግሮዥኛን የምትባለው መንደር ወደ 300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ከሷ ተነስታችሁ በድልድይና በዋሻ እየተጠማዘዛችሁ ሚርና ወንዝ ሸለቆ ድረስ ትወርዳላችሁ፣ ሸለቆው ከባህር ወለል ብዙም አይበልጥም፣ ከፊት ለፊታችሁ ሞቶቩን በግንብ ታጥራ ኮረብታዋ ጫፍ ላይ ቆማለች፣ ከዛ በሌላኛው በኩል ደሞ ቀስ እያላችሁ ወደ ቪዢናዳ ትወጣላችሁ። ክሮኤሺያ ከ2023 ጀምሮ ዩሮ ስለምትጠቀም ገንዘብ መቀየር የለም።

አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፣ ጠጠሩ አንዳንድ ቦታ ትልልቅና ያልተጠቀጠቀ ነው፣ 38 እዚህ ላይ እጅ ያደነዝዛል። እኔ 45 ነው የምመክረው። ኮረኮንች "38ም አይከለክልም" ያለው ለሱ አገር ይሰራ ይሆናል፣ እዚህ ግን አልስማማም፣ አንድ ቀን ሙሉ የተንቀጠቀጠ እጅ በሁለተኛው ቀን ፍሬን መያዝ ያቅተዋል።


ፔዳል_ወዳጅ፦

ወንድሞቼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። ለባለቤቴ ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ "ሁለት ዓይነት መንገድ" የተባለው ላይ ስደርስ ልክ ነው ልክ ነው አለ፣ ቶስካናን ሁለታችንም ለሌላ ጊዜ አስቀምጠነዋል። አሁን በዘይቱ መስመርና በካሪሌት መካከል ነን። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ማድረግ ይቻላል? ሳይክሎቻችንን በአውሮፕላን ይዘን ነው የምንመጣው፣ ባቡር ላይ ይፈቅዳሉ? ደሞ የደን ፒስታውን አንድ ቀን መሞከር ይፈልጋል፣ አዳኞች አሉ ሲባል ሰምቶ ግን ፈርቷል።


ኮረኮንች፦

ሁለቱን በአንድ ሳምንት አትጨናነቁበት። ስፔን ትልቅ አገር ናት፣ ከኻኤን ጂሮና ድረስ በባቡር ቀኑ ያልቃል፣ ፈጣኑ ባቡር ደሞ ሳይክል እንዳለ አያስገባም፣ ፈታታችሁ ቦርሳ ውስጥ አድርጋችሁ መጠኑ ልክ ከሆነ ነው የሚፈቅዱት። መለስተኛ ርቀት የሚሄዱት ባቡሮች ላይ ሳይክል ይዞ መግባት ይቻላል ግን ቦታው ውስን ነው፣ ቀድሞ መያዝ ነው። ስለዚህ አንዱን ምረጡ፣ አንዱን በደንብ ንዱት።

ለመምረጥ እንዲህ አድርጊው። ባለቤትሽ ሻንጣ አስሮ መሄድ ከወደደ፣ ሙቀትም ከፈለጋችሁ፣ ወይራ_ስር እንዳለው ደቡብ ሂዱ፣ ስለ ጂሮና ሰው መብዛት ያለውም እውነት ነው፣ ምንም እንኳን ሰው የሚበዛው አስፋልቱ ላይ ቢሆንም። አንድ ቤት ተከራይቶ ማታ ማታ እዛው እየተመለሱ መተኛት ከሆነ ምርጫችሁ ጂሮና ይመቻችኋል፣ መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ ከከተማዋ ስለሚነሳ ከበር ወጥታችሁ ብዙም ሳትቆዩ ከመኪና ትገላገላላችሁ፣ አንድ ቀን ከደከማችሁም 20 ኪሎ ሄዶ መመለስ ይቻላል። ኤፕሪል እዚህ ዝናብ ሊጥል ይችላል፣ እሱን ግን ሳውሎው ይችለዋል።

ጂሮና ከሆነ እኔ የማደርገው ይሄን ነው። የመጀመሪያው ቀን ሳይክሎቹን ገጣጥማችሁ ወደ ኳርትና ካሳ አቅጣጫ ትንሽ ውጡና ተመለሱ፣ ብሎን ሁሉ መጥበቁን ለማየት፣ ከአውሮፕላን የወረደ ሳይክል ሁሌ የሆነ ቦታ ይላላል፣ በተለይ የፍሬን ዲስኩንና የመሪውን ብሎን እዩ። በነጋታው ባህር ውረዱ፣ ግን በጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ ከባህሩ የሚነሳው ንፋስ ፊት ለፊት ነው የሚመጣባችሁ፣ ስትመለሱ ግን ከኋላ ይገፋችኋል። ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ስለሚጠጋ ከበዛባችሁ ሳንት ፌሊዩ አድራችሁ ተመለሱ። ከዛ በመኪና ኦሎት የሚያደርሳችሁ ሰው ያዙ፣ ሳይክል የሚያከራዩት ቤቶች ይሄን አገልግሎት ይሰጣሉ፣ ከኦሎት ጂሮና ድረስ ነድታችሁ ውረዱ። የዛን ቀን ሙሉ ልብስ ልበሱ፣ ኦሎት ጠዋት ከጂሮና በደንብ ትቀዘቅዛለች።

የደን ፒስታው ለስራ ቀን ይሁን፣ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ። አደኑ የዱር አሳማ ነው፣ ዋናው ወቅት መከርና ክረምት ነው፣ አብዛኛውም ቅዳሜና እሁድ ጠዋት፣ ስለዚህ ኤፕሪል ላይ ብዙም አያሰጋም። መንገዱ ላይ አደን እየተካሄደ ነው የሚል ሰሌዳ ካያችሁ ግን ክርክር የለም፣ መመለስ ነው። ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ መልበስም አይጎዳም። በበጋ ደሞ ጉዳዩ እሳት ነው፣ የእሳት አደጋው ደረጃ ከፍ ሲል ደኑ ይዘጋል፣ ለናንተ ጊዜ ይሄ እምብዛም አይመጣም ግን ጫካ ውስጥ ምንም ዓይነት እሳት ማንደድ ከማርች 15 እስከ ኦክቶበር 15 ክልክል ነው። ሄልሜት ከከተማ ውጭ ግዴታ ነው፣ ይዛችሁ ኑ።

አንድ ነገር ለባለቤትሽ ንገሪልኝ፣ ጋቫሬስ ውስጥ ድንገት የገበሬ መኪና ከመጣ የፒስታውን ዳር ይዞ እግሩን መሬት አድርጎ ይቁም፣ ያሳልፈው። እዚህ አገር ሳይክል ቆሞ መኪና ማሳለፍ የተለመደ ነው፣ ማንም አይናደድም፣ ሹፌሩም ፍጥነቱን ቀንሶ ነው የሚያልፈው። አንቺ ከኋላ ሁኚ፣ ድምፁን ቀድመሽ የምትሰሚው አንቺ ስለሆንሽ ጮክ ብለሽ ንገሪው፣ እሱ ፊቱን ብቻ እያየ ይነዳል።


ወይራ_ስር፦

ይሄ የመጨረሻው ምክር ደቡብም ይሰራል። ኻኤንን ከመረጣችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ የወይራ ለቀማው ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ፌብሩዋሪ ነው፣ ያኔ ትራክተር ይበዛል፣ ኤፕሪል ላይ ግን እርሻው ባዶ ነው። ማለዳ ተነሱ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲል የመንደር ሱቆች በራቸውን ይዘጋሉ፣ እስከ አመሻሽ አይከፈቱም፣ ምሳችሁንና ውሃችሁን ከዛ በፊት ያዙ። እራት ደሞ እዛ አገር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ማግኘት ይቸግራል፣ ስለዚህ የሆነ የሚቀመስ ነገር ሻንጣችሁ ውስጥ አይጥፋ።


ፔዳል_ወዳጅ፦

ተነጋግረናል፣ ጂሮና ሆኗል፣ በዋናነት ማታ ማታ አንድ ቤት መመለሱን ስለወደደው። ኤፕሪል ሁለተኛው ሳምንት ላይ አድርገነዋል፣ ከውድድሩ በፊት። ጎማውን 42 እያስቀየርን ነው ቱብለስም አድርገን፣ ፍሬሙ ይችላል ተብለናል። ኮረኮንች ወንድሜ፣ ከኦሎት የምንወርድበትን ቀን ሐሙስ ብናደርገው ወይስ ቅዳሜ?


ኮረኮንች፦

ሐሙስ። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ይወጣል፣ ትንንሽ ሳይክል የሚለማመዱ ልጆች ስላሉ እየደወላችሁ ቀስ ማለት አለባችሁ። ደወል ከሌላችሁ ግጠሙ፣ ርካሽ ነገር ነው፣ እግረኛውም ያመሰግናችኋል። አሜር ላይ ቁርስ ለመብላት ቁሙ፣ መሃል አደባባዩ ትልቅ ነው ዙሪያውን በቅስት የተከበበ፣ ሳይክሎቹን እያያችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ።